ለሚዳቋ የሚሆን ጠመንጃ



ባለፈው ጥቅምት በአንድ ሐሙስ ማታ፣ ከሆስፒታል ልምምድ ተመልሰን ፉጣ በሚገኘው ማደሪያችን ሻይ ጥደን ሳለ ከአገር ቤት የድምፅ መልእክት ደረሰን። የላከው ከአንኮበር ወዲያ፣ ከወፍ ዋሻ ደን ጥግ የሚኖረው ታናሽ ወንድማችን ነው። የቤተሰቡን፣ የጎረቤቱንና የከብቱን ደህንነት በተራ በተራ ከነገረን በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ጋሼ፣ ሚዳቋ ባቄላውን ጨረሰችው። ሌሊት ሌሊት ከደኑ ትወጣና ለጋውን ትቀጥፈዋለች። ድኩላም ተጨምሮበታል። እንግዲህ አንድ መሣሪያ ልገዛ አስቤ ነበር። አንተ ተምረሃል፤ ለሚዳቋ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ ምረጥልኝ። ገንዘቡንም ብትችል...»

መልእክቱ እዚያ ላይ ተቋረጠ። ብንችል ምን እንድናደርግ እንደፈለገ ግን ለማንም ግልጽ ነው።

በዚህ ጽሑፍ «እኛ» የምንለው አንዱን የሕክምና ተማሪ ነው። ይሁን እንጂ አብረውን የሚኖሩት ሦስት ወንድሞች ባይኖሩ ነገሩን ለመጻፍ ባልደፈርን ነበርና፣ ለብቻችን «እኔ» ማለቱን አልወደድንም። ፉጣን ለማያውቁ አንባብያን ባጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ በሪያድ መካከል ያለ፣ ከባጥሃ ገበያ ብዙ የማይርቅ አሮጌ ሠፈር ነው። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ለአልጋ ወራሹ ለሳዑድ የተሠራው ቀዩ ቤተ መንግሥት የሚገኘው እዚህ ነው። የእኛ ቤት ግን ቀይም ቤተ መንግሥትም አይደለም። ኪራዩን ለአራት የምንከፍልበት፣ አየር ማቀዝቀዣው እንደ ወፍጮ የሚያጓራ አንድ ክፍል ነው። ከአራታችን አንዱ የባሌ ልጅ ሲሆን የሚማረው ምሕንድስና ነው። ሁለተኛው ከወሎ፣ ሦስተኛው ከጅማ የመጡ ናቸው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሁላችንም አንድ ትሪ ከብበን እንበላለን፤ በዚያው ትሪ ዙሪያ ያልተከራከርንበት ጉዳይ የለም።

ስለሆነም በማግሥቱ ዓርብ ጥያቄውን ለጉባኤው አቀረብነው፤ ለሚዳቋ የሚሆን ጠመንጃ የትኛው ነው?

የወሎው ወንድማችን ምንም ሳያመነታ «ክላሽ ነዋ! ጥይቱ የትም ይገኛል፣ ጭቃም አፈርም አይበግረውም» አለ። የጅማው «ክላሽ የወታደር ነው፤ ለአደን የሚሆን ረጅሙ ምንሽር ነው፣ ከሩቅ አይስትም» ሲል ተቃወመው። የባሌው ወንድማችን ዘመዶቹ አድነው የሚበሉ ስለነበሩ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና «መጀመሪያ ሚዳቋዋ ስንት ኪሎ ናት?» ብሎ ጠየቀ። ከሁሉም የተሻለው ጥያቄ ይኸው ነበር።

ሚዳቋ ትንሽ ናት። ያደገችው ከ12 እስከ 25 ኪሎ ግራም ብትመዝን ነው። ከገደል ወደ ገደል የምትዘለው ሰስ ከ18 ኪሎ እምብዛም አታልፍም። በቆላው የምትገኘው እንሹማ ከ3 እስከ 6 ኪሎ የምትመዝን፣ ጥንቸል የምታህል ፍጡር ናት። በወፍ ዋሻ የሚገኘው ጥቁሩ ድኩላ፣ በሳይንስ ስሙ በዐፄ ምኒልክ የተጠራው፣ ከእነዚህ ሁሉ ይተልቃል። ፈረንጆቹ ስለ «ትንሽ አጋዘን» ሲጽፉ የሚያስቡት ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥለውን የእነርሱን አገር እንስሳ ነው። የእኛዎቹ ግን ቀንዳቸውን የማይጥሉ፣ ከፍየልና ከላም ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚቈጠሩ ናቸው። ክብደታቸው ግን ይመሳሰላል፤ ስለዚህም የፈረንጆቹ የጠመንጃ ስሌት ለእኛዎቹም ይሠራል።

እንግዲህ ወረቀትና እርሳስ አነሣን። ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ የሚይዘው ኃይል የክብደቱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ነጥብ 22 የምትባለው ትንሿ ጠመንጃ 2.6 ግራም ጥይት በሰከንድ 330 ሜትር ያህል ትወረውራለች፤ ይህም 140 ጁል ገደማ ነው። ክላሽንኮቭ 8 ግራም ጥይት በሰከንድ 715 ሜትር ሲተኩስ ወደ 2000 ጁል ይደርሳል። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ብዙ አርበኞች የተሸከሙት ውጅግራ፣ ማለትም የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ፣ 25 ግራም የሚመዝን የእርሳስ ጥይት በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ይልክ ስለነበር ኃይሉ ወደ 2500 ጁል ነበር። የባሌው ወንድማችን ቁጥሮቹን አይቶ «እንግዲያው ነጥብ 22 ያቆስላታል፣ ሌሎቹ ደግሞ ይበጣጥሷታል» አለ።

በመሠረቱ ትክክል ነው። የእንግሊዝ አገር ሕግ ይህንኑ ችግር በቁጥር ወስኖታል። ሙንትጃክና የቻይና የውሃ አጋዘን የተባሉት ትንንሾቹ በእንግሊዝና በዌልስ የሚታደኑት፣ አፈሙዙ ከ0.22 ኢንች በማያንስ፣ ጥይቱ ከ3.24 ግራም በማያንስና ከአፈሙዙ ሲወጣ ቢያንስ 1356 ጁል ባለው ጠመንጃ ነው። ሙንትጃክ በክብደቷ የእኛኑ ሚዳቋ ታህላለች። በዚህ ሚዛን ነጥብ 22 የወፍ መሣሪያ ሆና ስትወድቅ ክላሹ በኃይሉ ያልፋል። የወሎው ወንድማችን እዚህ ላይ በደስታ እጁን አጨበጨበ።

ነገር ግን ሕጉ አንድ ተጨማሪ ቃል አለው፤ ጥይቱ ሥጋ ሲያገኝ የሚፈነዳ፣ ማለትም ጫፉ ለስላሳ ወይም ባዶ የሆነ መሆን አለበት ይላል። ክላሹ የሚወድቀው እዚህ ነው። የወታደር ጥይት ዙሪያውን በጠንካራ ብረት የተሸፈነ ስለሆነ አይፈነዳም፤ ሰንጥቆ ያልፋል።

አንባቢ ሆይ፣ የሕክምና ተማሪ ስለሆንን በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ እንድንቆይ ይፈቀድልን። በጥይት ቁስል ጥናት ስማቸው ከሚነሣ ሐኪሞች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1909 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የስዊሱ ቀዶ ጠጋኝ ቴዎዶር ኮኸር ነው። ከእርሱ ብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ማርቲን ፋክለር የተባለው አሜሪካዊ የጦር ሐኪም ሥጋን በሚመስል የረጋ ጀላቲን ላይ እየተኮሰ ጥይት በሰውነት ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ አጠና። የክላሽ ጥይት 26 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ከሄደ በኋላ ነው መገለባበጥ የሚጀምረው። እንግዲህ የሚዳቋን ደረት በእጃችሁ ለኩት፤ ከጎን ወደ ጎን 26 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ጥይቱ ገና ሳይገለበጥ ጣት የምታህል ቀዳዳ ትቶ በወዲያኛው በኩል ይወጣል። እንስሳዋ ልብዋ ወይም አከርካሪዋ ካልተመታ ትሮጣለች፤ ሮጣም ቁጥቋጦ ውስጥ ገብታ ስትሰቃይ ታድራለች። ጥይቱ ደግሞ አብዛኛውን ኃይሉን እንደያዘ መንገዱን ይቀጥላል።

ለሰው የወጣው ሕግ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ መሆኑን ስንነግራቸው ጓደኞቻችን አላመኑንም። እ.ኤ.አ. በ1899 በሔግ የተፈረመው መግለጫ በጦርነት ላይ የሚፈነዳ ጥይት እንዳይተኮስ ከለከለ፤ ምክንያቱም የሚያደርሰው ቁስል ከመጠን ያለፈ ስቃይ ነው። ለአጋዘን ግን ያው ጥይት ግዴታ ነው፤ ምክንያቱም ቶሎ ይገድላል። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በዱምዱም ጥይት ትጠቀማለች ብላ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስትከስ፣ ራስዋ የመርዝ ጢስ ከአውሮፕላን እያፈሰሰች እንደነበር አንረሳም። ያም ሆነ ይህ፣ ሕጎቹ ሲተያዩ የሚነግሩን አንድ ነገር አለ። ክላሽ የተሠራው ሚዳቋን ለመግደል አይደለም። ክላሽ ገዝቶ «ለሚዳቋ ነው» የሚል ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ ሌላ ነገር አስቧል።

የጅማው ወንድማችን «እንግዲያው መልሱ ምንድን ነው?» አለ። መልሱ አስቸጋሪ አልነበረም። ከነጥብ 22 የምትበልጥ፣ ከጦር መሣሪያ የምታንስ፣ ባለ አንድ ጥይት ወይም በእጅ የምትጎረስ፣ የአደን ጥይት የምትቀበል ጠመንጃ ናት። ነጥብ 243 የምትባለዋ ለምሳሌ 6.5 ግራም ጥይት በሰከንድ 900 ሜትር ያህል ትልካለች፤ ለድኩላም ትበቃለች፣ ለሚዳቋ ግን በዛ ያለች ናት። በወረቀት ላይ ይህ ሁሉ ያምራል። በአንኮበር ገበያ ግን የአደን ጥይት አይሸጥም። ከዚህም በላይ በአገራችን አደን ያለ ፈቃድ አይፈቀድም፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ይህን ደንግጓል፤ የጦር መሣሪያ መያዝም በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። የባቄላ ባለቤት የሆነ ገበሬ ግን አዋጅ ቁጥር አያነብም፤ የሚያነበው ያደረውን ማሳ ነው።

ክርክሩ በዚህ አበቃ። ትሪው ተነሣ። እኛ ግን ለጓደኞቻችን ያልነገርነው ነገር ስለነበረ ያን ሌሊት አልተኛንም።

አያታችን ውጅግራ ነበራቸው። ከአባታቸው የወረሱት ሲሆን በእኛ ዘመን ጥይት ስለሌለው ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ የጢስ ቀለም ጠጥቶ ነበር። አያታችን ስለ ግዳይ ሲያወሩ ሚዳቋን ከቁጥር አያስገቡም። የሚፎከረው በአንበሳ፣ በጎሽና በዝሆን ነው፤ በሚዳቋ የፎከረ ወንድ አይታወቅም ይሉ ነበር። ለሥጋ ግን በወጣትነታቸው አድነዋታል። ውጅግራው አንድ ጥይት ብቻ ስለሚጎርስ እርስዋ ካልተመታች ሌላ ዕድል የለም። ስለዚህም ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ ጎኗን ካልሰጠችህ ጠብቅ። ሁለተኛው፣ ከኋላዋ አፈር ካላየህ አትተኩስ።

የ12 ዓመት ልጅ ሳለን አንድ ጎረቤታችን ክላሽ ይዞ ወደ ወፍ ዋሻ ጥግ ሲሄድ ተከተልነው። ጊዜው ማለዳ ነበር፤ ጉሙ ከሸለቆው ገና እየተነሣ ነው። ሚዳቋዋን መጀመሪያ ያየናት እኛ ነን። ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ ሰማይ እንጂ አፈር የለም። ጎረቤታችን አነጣጠረና ቆመ። ጣቱ ከቃታው ላይ እንዳለ ትንፋሹን ይዞ ጥቂት ቆየ፤ የአያታችንን ሕግ እርሱም ያውቀዋልና። እኛ ነን የጮኽነው።

«በለው! በለው፣ ታመልጣለች!»

ተኮሰ። ሚዳቋዋ ብድግ ብላ ወደ ቁጥቋጦው ገባች። እኛም ደሙን እየተከተልን ሮጥን። ደሙ መጀመሪያ በየቅጠሉ ላይ፣ ኋላም በየድንጋዩ ላይ ጠብታ ጠብታ ነበር። ሆድዋን ተመትታ ኖሮ ግማሽ ሰዓት ያህል አንጀቷን እየጎተተች ሄዳለች። ስንደርስባት ገና አልሞተችም። ጎረቤታችን በስመ አብ ብሎ አረዳት፤ ሆድዋ ሲከፈት ግልገል ነበረባት።

ከሸለቆው ወዲያ ማዶ ጩኸት የሰማነው ያኔ ነው። መጀመሪያ የእረኛ ጥሪ መስሎን ነበር። ከዚያ የሴት እሪታ ተጨመረበት።

ጥይቱ ከሚዳቋዋ ወጥቶ፣ ሚዛኑን ስቶ፣ ሸለቆውን ተሻግሮ በግ የሚጠብቅ አንድ ልጅ ጭን ውስጥ ገብቶ ነበር። ልጁ የክፍል ጓደኛችን ነው፤ አንድ ወንበር ላይ እንቀመጥ ነበር። አጥንቱ ተሰባብሮ ነበር። ሰዎቹ ቁስሉን በነጠላ አሰሩት፤ እግሩን ግን ያሰረው የለም። በቃሬዛ ተሸክመው ሙሉ ቀን ሲወርዱና ሲወጡ የተሰበረው አጥንት በእያንዳንዱ እርምጃ ሥጋውን ይወጋው ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የታፋ አጥንት ስብራት አብዛኛውን ቁስለኛ ይገድል እንደነበርና፣ እግርን ስቦ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ የቶማስ ድጋፍ የተባለ ቀላል መሣሪያ ሲገባ ሞቱ በእጅጉ እንደቀነሰ ዛሬ በመጽሐፍ እናነባለን። ያ ባይገኝ እንኳ ሁለት ቀጥ ያለ እንጨትና አንድ መቀነት ሥቃዩን በቀነሰለት ነበር። በመንደራችን እንጨትም መቀነትም ሞልቶ ነበር፤ የሚያውቅ ሰው ብቻ ጠፋ። ልጁ ተረፈ። እግሩ ግን ከጉልበቱ በላይ ተቈረጠ።

ሽማግሎች ተቀመጡ። ጎረቤታችን ሳላውቅ ነው ብሎ ማለ፤ ካሳ ከፈለ፤ በሬውንም ለዚሁ ሸጠ። «ከአጠገቤ የነበረ ልጅ በለው አለኝ» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ለልጅ አዝኖ ይሁን፣ አፍሮ ይሁን አናውቅም፤ አሁን በሕይወት የለም። እኛንም የጠየቀን ሰው አልነበረም። በዚያ ዓመት ፈተና አንደኛ ወጣን።

አንዳንድ ሰዎች ሕክምና ለምን እንደመረጥን ሲጠይቁን ይህን ታሪክ ብንነግራቸው ያምር ነበር። እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። ሕክምናን የመረጥነው ውጤታችን ስለፈቀደና የነፃ ትምህርት ዕድሉ ስለተገኘ ነው። ያንን ልጅ ለዓመታት ላለማሰብ ሞክረናል፤ ተሳክቶልንም ነበር።

ወደ አሁኑ ነገር እንመለስ። ከዚያ ዓርብ በኋላ ባለው ሳምንት ጓደኞቻችን ከከተማው በስተሰሜን ወዳለው ቱማማ ይዘውን ሄዱ። ከሩቅ፣ ከአጥር ወዲያ፣ አሸዋ የመሰሉ የሜዳ ፍየሎች አየን። ዐረቦቹ ጋዛል ይሏቸዋል፤ የፈረንጆቹም ቃል የተወሰደው ከዚሁ ነው። የባሌው ወንድማችን ስለ ታሪካቸው የሚያውቀውን አጫወተን። በዚህ አገር አዳኙ በውሻና በጭልፊት፣ በግመልም ሆኖ ለብዙ ዘመን ሲያድን እንስሶቹ አላለቁም። ያለቁት አውቶሞቢልና ዘመናዊ ጠመንጃ አንድ ላይ ሲመጡ ነው። በዱር የቀረው የመጨረሻው የዐረብ ሳላ እ.ኤ.አ. በ1972 በኦማን ተገደለ። የሳዑዲ ጋዛል የተባለችው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2008 ፈጽማ እንደጠፋች ተገለጸ። መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1986 የዱር እንስሳት ጥበቃ ኮሚሽን አቋቁሞ በየአገሩ መካነ አራዊት የተረፉትን ሳላዎች በማርባት እ.ኤ.አ. በ1990 ማሐዛት አስ-ሰይድ በተባለው የታጠረ በረሃ ለቀቃቸው። ሳላው ተመልሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2011ም የመጥፋት አደጋው ደረጃ ዝቅ ተደረገለት። የጠፋችው ጋዛል ግን አልተመለሰችም።

ሀብት ያለው አገር የጨረሰውን እንስሳ በገንዘብና በአጥር መልሶ ሊያረባ ይችል ይሆናል። ወፍ ዋሻ ግን አጥር የለውም። አሁን ባለው የመሣሪያ ብዛት ድኩላውም ሚዳቋውም ከተጨረሱ ማን ያረባቸዋል? ይህን ስናስብ ለወንድማችን የምንሰጠው ምላሽ የተገኘ መሰለን። ስለ ጁልና ስለ ግራም፣ ስለ ሳላና ስለ አዋጁ እንነግረዋለን፤ ይበቃል አልን። ስለዚህም ደወልንለት።

ንግግራችንን ጨርሰን እስክናበቃ ዝም ብሎ አዳመጠን። ከዚያም «ጋሼ» አለ፣ «ሚዳቋዋ ሰበብ ናት።»

እንደሚያውቀውና እኛም እንደምናውቀው፣ በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነት ተነሥቷል። በመንደሩ መሣሪያ ያልያዘ ጎረምሳ ሌሊት ውጭ አይወጣም፤ ከብት ሲነዳ ይፈራል፤ ማን በየትኛው በኩል እንደሚመጣ አያውቅም። «ጓደኞቼ ሁሉ አላቸው። ባዶ እጄን የምሄደው እኔ ብቻ ነኝ» አለ። 19 ዓመቱ ነው። እኛ ሪያድ ተቀምጠን፣ በር ተዘግቶብን፣ በአየር ማቀዝቀዣ ሥር ሆነን ፈሪ ነህም ጀግና ነህም ልንለው አንችልም።

ስለዚህ ለሌላ ሰው ነግረነው የማናውቀውን ነገርነው። ስለዚያ ማለዳ፣ ስለ ገደሉ አፋፍ፣ ስለ «በለው»። ስንጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መስሎን ነበር።

«አውቃለሁ» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ራሱ ነው የነገረኝ። አምና፣ መሣሪያ ልገዛ ነው ስለው። ከማዶ ሆኖ ድምፅህን ሰምቷል። አንድ ክፍል አልነበራችሁ? ድምፅህን ያውቀዋል።»

ሸለቆው ድምፅን እንዴት እንደሚያሻግር ማወቅ ነበረብን። በዚያ ሸለቆ ስንጠራራ ያደግን ልጆች ነን።

«ሌላስ ምን አለህ?»

«ከገዛህ፣ እንደ ወንድምህ የሚጮህ ልጅ አታስከትል አለኝ።»

ጓዶቻችን፣ በማኅበራችን ስብሰባዎች ሂስና ግለሂስ ስናደርግ ስንት ጊዜ «ድክመቴ የሥራ መደራረብ ነው» ብለን እንዳለፍን ታስታውሳላችሁ። ይህችን ጽሑፍ ስንጽፍ ያንን ዓይነት ግለሂስ ለመድገም አይደለም። ያ ልጅ ዛሬ ሰው ሆኗል፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ ልብስ ይሰፋል። ስፌት መኪናውን የሚዘውረው በአንድ እግሩ ነው። ስልኩን ከወንድማችን ተቀብለን ለመደወል አራት ቀን ፈጀብን። ስንደውል ስማችንን ከመናገራችን በፊት አወቀን፤ «ድምፅህ ጎርንኗል» አለ። ልንናገር የሚገባንን ተናገርን። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ግን አላቋረጠም። ከዚያ በኋላ የሪያድ ሙቀት እንደሚባለው ከባድ እንደሆነ ጠየቀን። እኛም ስለ ሙቀቱ ነገርነው። ስለ ሰው ሠራሽ እግር ጉዳይ ሌላ ቀን እንነጋገር አለን። ይቅር ብያለሁ አላለም፤ እኛም በል አላልነውም።

ለወንድማችን ከወር አበላችን አጠራቅመን ገንዘብ ልከናል። ለአጥር እሾህ ማስቆረጫ፣ ለውሻና በማሳው ዳር ለሚሠራ ማማ ይሁን ብለን ነው የላክነው። ሚዳቋ የምትወጣው በምሽትና በማለዳ ስለሆነ በእነዚያ ሰዓቶች ሰው ካለ አትደፍርም። አጥሩ ዝቅ ያለውን ቀዳዳ ሁሉ ካልደፈነ ግን ጎንበስ ብላ ታልፋለች። ይህን ሁሉ ጽፈን ላክንለት። «ደርሶኛል» ብሎ መለሰ። ምን እንደገዛበት ግን እስካሁን አልነገረንም። አንድ ጥማድ በሬ የሚያወጣ መሣሪያ በላክነው ገንዘብ ብቻ እንደማይገዛ እናውቃለን፤ ከሌላ ቦታ ሊጨምርበት እንደሚችልም እናውቃለን።

ከእናንተም መካከል እንዲህ ያለ መልእክት የሚደርሳችሁ እንዳላችሁ ከየከተማው ከምንሰማው እናውቃለን። የጠመንጃውን ዓይነት ለመምረጥ አትቸኩሉ። ስንት ኪሎ ለምትመዝን እንስሳ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከኋላዋ ምን እንዳለ ጠይቁ፤ ከዚያም ሰውየው ምን እንደፈራ ጠይቁና እስኪነግራችሁ ጠብቁ። እኛ የመጨረሻውን ጥያቄ መጀመሪያ መጠየቅ ሲገባን አንድ ሳምንት በጁል ስሌት አሳልፈናል።

በመጨረሻም በግብርና የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ሚዳቋንና ድኩላን ሳይገድሉ ከባቄላ ማሳ ለማራቅ የሚጠቅም፣ በደጋው አገር ተሞክሮ የሠራ ዘዴ የምታውቁ ካላችሁ በዚሁ መጽሔት ብትጽፉልን ለወንድማችን እናደርስለታለን። መልሳችሁ ባቄላው እንደገና ሳያብብ ቢደርስ ደግ ነው።